ታዋቂ ሰዎች መቼ እንደሚሞቱ መገመት፦ ጨዋታ ነው ወይስ ሟርት?

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ቤታችንን ያመሰ ነገር ስላለ ሐሳባችሁን ልስማ ብዬ ነው።

የሰፈራችን ልጆች ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን አላቸው። መስከረም ሲጠባ እያንዳንዱ አባል የአሥር ታዋቂ ሰዎች ስም ያስገባል። ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ፖለቲከኛ፣ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች፣ የአገር ውስጥም የውጭም ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ከሞተ ነጥብ ይያዝለታል። ጳጉሜን ላይ ብዙ ነጥብ ላለው የሞባይል ካርድ ይዋጣለታል።

ታናሽ ወንድሜ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት እናቴ አነበበችው። ሁለተኛው ስም ሠርጓ ላይ ካሴታቸው የተዘፈነላት ድምጻዊ ናቸው። «ክፉ አታናግሩኝ! በሰው ነፍስ ይቆመራል እንዴ?» ብላ ወረቀቱን ቀደደችው። እሱ ደግሞ «እንዲሞቱ አልተመኘሁም፤ ዕድሜያቸውን አይቼ ነው የገመትኩት» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ልጁ ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የመሐል ሜዳዋ (መንዝ)

እናትህ ልክ ናቸው። ሟርት ነው። በሰው ሞት ካርድ መሸለም ምን የሚሉት ነገር ነው?

ቁጥር ወዳድ (ደብረ ብርሃን)

ቸኩለን አንፍረድ። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን ጨዋታም ከውጭ ሰዎች ጋር ለብዙ ጊዜ ስከታተለው ቆይቻለሁ።

ነገሩ ጠባሴ ላይ የተፈጠረ አይደለም። እንግሊዝ አገር ዴዝሊስት የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ 50 ስም ያወጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ስንቱ እንዳረፈ ይቆጠራል። ሌሎችም ብዙ አሉ። በብዙዎቹ ነጥቡ የሚሰላው ከ100 ላይ የሟቹን ዕድሜ በመቀነስ ነው። የ95 ዓመት አዛውንት ካረፉ 5 ነጥብ፣ የ40 ዓመት ሰው ከሞተ 60 ነጥብ ይሆናል። እንዲህ የሚደረገው ሽማግሌ ብቻ ደርድሮ ማሸነፍ እንዳይቻል ነው። ሞቱ የሚቆጠረው ደግሞ ታማኝ የሆነ የዜና ተቋም ሲዘግበው ብቻ ነው። ወሬ አይቆጠርም።

ሒሳቡ የኢንሹራንስ ሒሳብ ነው። በአሜሪካ የሕይወት ሰንጠረዥ የ80 ዓመት ወንድ በአንድ ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ከ100 ወደ 6 ገደማ ነው። 90 ሲሞላው ወደ 16 ይጠጋል። ስለዚህ የ90 ዓመት ሰው ስም ብትጽፍ እንኳ ከስድስት ጊዜ አምስቱን ትሳሳታለህ። ክፍል ውስጥ በሳንቲም ሳስተምራቸው ያልገባቸው ልጆች በዚህ ገብቷቸዋል።

ደግሞ ጨዋታው ትሕትና ያስተምራል። ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 ላይ የሆስፒታል ሕክምናው ቀርቶ ቀሪ ጊዜያቸውን ቤታቸው ሊያሳልፉ ወሰኑ ተባለ። ሁሉም የቀናት ጉዳይ ነው አለ። እሳቸው ግን 100 ዓመት ሞላቸው፤ የፕሬዚዳንት ምርጫም ድምፅ ሰጡ። ያረፉት ዲሴምበር 29 ቀን 2024 ነው። ሰው ሞቱን ማወቅ እንደማይችል ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ጉም ለባሽ (ጣርማ በር)

መምህር፣ ትሕትናውን ካነሱ የፈረንሳዩን ጠበቃ ታሪክ ልጨምር። ዣን ካልማን የሚባሉ ሴት ነበሩ። 90 ዓመታቸው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የ47 ዓመት ጠበቃ ቤታቸውን በውል ገዛ። ውሉ በሕይወት እስካሉ ድረስ በየወሩ 2500 ፍራንክ ሊከፍላቸው፣ ሲሞቱ ቤቱን ሊረከብ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የታወቀና ሕጋዊ ውል ነው።

ከፈለ፣ ከፈለ። ሠላሳ ዓመት ከፈለ። በ1995 እሱ በ77 ዓመቱ ሞተ። እሳቸው በሕይወት ነበሩ። የቤቱን ዋጋ ከእጥፍ በላይ ከፍሎ አንድ ቀን እንኳ አልኖረበትም። መበለቱ ክፍያውን ቀጠለች። ሴትዮዋ ያረፉት በ1997 በ122 ዓመታቸው ነው። በሰነድ ከተረጋገጠ ሰው ሁሉ ረጅሙ ዕድሜ የሳቸው ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲሞት መጠበቅ ደስ አይለኝም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ያስፈራኛል።

ሕግ ተማሪ

እንግሊዞች ራሳቸው በዚህ ነገር ተቸግረው ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ሰዎች በማያውቁት ታዋቂ ሰው ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ ይገቡ ነበር። ሰውየው ሲሞት ገንዘብ ይቀበላሉ። ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1743 ዴቲንገን ላይ ሊዋጉ ሲዘምቱ በሰላም ይመለሳሉ ወይ ተብሎ ውርርድ ተገብቷል። አገሩ ጦርነት ላይ ሆኖ ማለት ነው።

በመጨረሻ በ1774 ፓርላማው ሕግ አወጣ። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው በዚያ ሰው በሕይወት መኖር ጥቅም ያለው መሆን አለበት አለ። ሚስት ለባሏ ትገባለች። አበዳሪ ለተበዳሪው ይገባል። መንገድ ላይ አይቶት ለማያውቅ ሰው ግን አይቻልም።

ለእኔ የዚህ ክርክር ፍሬ እዚህ ጋ ነው። የጠባሴ ልጆች ድምጻዊው ቢኖሩ ምንም አያገኙም። ቢሞቱ ካርድ ያገኛሉ። አንድን ሰው ስታስበው የምትጠቀመው ሲሞት ብቻ ከሆነ፣ ክፉ ባትሆንም ዜና በከፈትክ ቁጥር የምትጠብቀው ምንድን ነው? ቁጥር ወዳድ፣ የእርስዎ ሒሳብ ትክክል ነው። ሒሳቡ ግን ልብ ውስጥ የሚሠራውን አይቆጥርም።

የእድር ጸሐፊ (ሞላሌ)

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነኝ፤ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የእድር ጸሐፊ ስለሆንኩ የሞት ወሬ ቀድሞ ከሚደርሳቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለ ግምቱ ሳይሆን ስለ አነጋገሩ ልበል።

መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የቅርብ ዘመዱ ማን እንደሆነና የት እንዳለ እናጣራለን። ልብ ድካም ያለበት አለ? አራስ አለች? ለእሷ የሚነገርበት መንገድ ሌላ ነው። ሩቅ አገር ላለ ልጅ በስልክ አይነገርም። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ብቅ በል» ተብሎ ይጠራል። ሲደርስ ያሳድሩታል። እህል እንዲቀምስ ያደርጋሉ። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ሰው ለብቻው አይረዳም። አጠገቡ የሚይዘው ሰው መኖር አለበት። ጥሩምባው የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሩምባ ነፊያችንም የሟቹን ስም ሳያረጋግጥ አፉን አይከፍትም። አንድ ስም ቢሳሳት መንደሩ ሁሉ የማይሆን ቤት ሄዶ ሊያለቅስ ነው።

አሁን ልጅ የአባቱን ሞት በስልክ ያነባል። ታዋቂ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዝነኛ ቢሆንም እናት አለው፤ ልጆች አሉት። ነጥብ የሚጠብቅ ሰው ዜናውን ቀድሞ መለጠፍ ይፈልጋል። ሳታስቡት ማንም ያልላካችሁ መርዶ ነጋሪ ሆናችኋል። ይህን ወንድምህ ያስብበት፣ አንተ የጠባሴው።

የጠባሴ ልጅ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን አነብለታለሁ።

ሚንጃሬው (አረርቲ)

የውሸት ዜናውን ማን ይፈጥረዋል ለሚል ሰው፦ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ፈላጊ ነው። ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ስንት ጊዜ «ሞተ» ተብሏል። ጃኪ ቻንም እንደዚያው። ሁለቱም በየጊዜው በሕይወት ተገኝተዋል።

በአትኪንሰን ጊዜ የሆነው ይሄ ነው። የታወቀ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰበር ዜና የሚመስል ምስል ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ቪዲዮውን ለማየት ስትጫን ኮምፒውተርህ ተቆልፏል፣ በዚህ ስልክ ደውል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የምትደውለው ለሌቦች ነው። ቫይረስ የሚያስጭንም አለው። ለምን ታዋቂ ሰው ይመርጣሉ? ሰው ሲደነግጥ አያስብም። የሚወደው ሰው ሲሆን ደግሞ ፈጥኖ ይጫናል።

እኛም አገር ዩቲዩብ ላይ ጥቁር ሪባን የለበሰ ፎቶ ከፊት ይለጥፉና ውስጡን ስትከፍቱት ሌላ ወሬ ነው። አክስቴ በአንዱ ተታልላ ግማሽ ቀን ስታለቅስ ውላለች። አሥር ጊዜ «የለም፣ በሕይወት አሉ» ብንላት አላመነችንም። ፎቶውን አይታዋለቻ!

ስለዚህ ልጆቹ ምንም ባያጠፉ እንኳ ለእነዚህ ሰዎች ገበያ እየሆኑ ነው።

ነርስ (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ሕመሙ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ።

እነዚህ ቡድኖች ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። የታመመ ሰው ፎቶ ያመጣሉ። አጉልተው ያያሉ። «ከስቷል፣ ሁለት ወር አይቆይም።» «እግሩ አብጧል፣ ኩላሊት ነው።» «ቀለሙ ጠቁሯል፣ ጉበት ነው።» ይህን የሚጽፉት አንድም ቀን በሽተኛ አልጋ አጠገብ ያልቆሙ ናቸው። ስኳር ያለበት ሰው ሊከሳ ይችላል። ጥርሱን ያስወለቀ ሰው ጉንጩ ይጎደጉዳል። የደም ግፊት መድኃኒት እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ከፎቶ ምርመራ አይደረግም።

ቀደም ሲል በሠራሁበት ቦታ በአካባቢው በጣም የታወቀ ሰው ተኝቶ ነበር። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የባሏን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርገው «ነፍስ ይማር» ብለው ለጥፈዋል። ሰውየው በዚያ ሰዓት አጥሚት እየጠጣ ነበር። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እሱ «ምን ሆንሽ?» ይላል፤ እሷ መናገር አልቻለችም። ድኖ ቤቱ ገባ። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ ሲጮህ ትደነግጥ ነበር።

መምህር፣ ስለ ሰንጠረዥዎ አከብርዎታለሁ። ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ ብዙ ሺህ ሰዎች ነው። እነዚህ ልጆች የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው። የአንድ ሰው ሕመም ደግሞ የራሱ ነው።

ዘአንኮበር

ሁላችሁም ያላችሁት ደርሶኛል። እኔ ግን ግምትን ብቻ አንውቀስ እላለሁ። ግምት የሚፈላው እውነቱ ሲዘገይ ነው። ይህን የሸዋ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ዐፄ ምኒልክ እዚሁ አንጎለላ ነው የተወለዱት፤ በ1836። ሕመማቸው እየጸና ሲሄድ የውጭ ጋዜጦች ደጋግመው ሞቱ ብለው ጻፉ። ንጉሡ በሕይወት ነበሩ። በእርግጥ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ያኔ ደግሞ ተደበቀ። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በምስጢር ተቀመጠ። ለሕዝቡ በይፋ ሳይነገር ቆየ። እስቲ አስቡት። በሕይወት ሳሉ ሞቱ ተባለ፤ ሲሞቱ አሉ ተባለ። አገሬው ማንን ይመን? ለቅሶው በጊዜው አልተለቀሰም። የዙፋኑም ጉዳይ እየተጓተተ ሄዶ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ በደም ተለየ። ሰገሌ ከሸኖ ሩቅ አይደለችም። ሞቱ ባይደበቅ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። የተደበቀ ሞት አገርን ሰላም እንደማይሰጥ ግን አይቻለሁ።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያው ሆነ። በ2004 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ አልታዩም። ከዚያ ሳምንታት ሙሉ ወሬ ነው። አንዱ ሞተዋል፣ ሌላው ድነዋል ይላል። ሞታቸው የተነገረው ነሐሴ 15 ነው። በዚያ መካከል ሰዉ ሁሉ ገማች ሆኖ ነበር። ሌላ ምን ያድርግ?

የእድር ጸሐፊ

ልጄ ዘአንኮበር፣ ስለ ምኒልክ ያልከው አባቶቻችንም የሚሉት ነው። ግን ለይተን እንይ። ንጉሥ ሲታመም አገር አብሮ ይታመማል። ሕዝብ የማወቅ መብት አለው፤ ሹማምንቱም ቶሎ ሊናገሩ ይገባል። የዘፋኝ ሕመም ግን የቤቱ ነው። እንዲዘፍንልን እንጂ እንዲታመምልን አልተዋዋልንም።

ዘአንኮበር

ይህን እቀበላለሁ፣ ጋሼ።

ታናሽየው (ደብረ ብርሃን)

የተባልኩት ልጅ እኔ ነኝ። ወንድሜ አስነብቦኝ ነው የገባሁት። መልስ ልስጥ።

ለካርዱ ብለን አይደለም። ቡድኑ ውስጥ የምንቆየው ሰው ሲያርፍ ስለ እሱ ስለምናወራ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 17 ቀን 2015 ኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። ከእኛ ውስጥ በሕይወት እያሉ ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ፒያኗቸውን ያልሰማ የለም። እኔ ሌሊት ሌሊት ነበር የምሰማው።

ማዲንጎ አፈወርቅ ደግሞ መስከረም 17 ቀን 2015 በመስቀል ዕለት አረፈ። 44 ዓመቱ ነበር። ማንም ስሙን አልጻፈም፤ ማን ያስባል? ያን ቀን ስለ ነጥብ ያወራ የለም። ዘፈኖቹን ነው የተላላክነው። አንዱ ጓደኛችን ድምፁን ቀድቶ እያለቀሰ ላከልን። ስለዚህ በሰው ሞት የሚደሰቱ ናቸው ካላችሁን ያማል።

የመሐል ሜዳዋ

ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ደስ ይላችኋል ያለ የለም። ግን የተናገርከውን ራስህ አንብበው። እማሆይን ያወቅሃቸው ካረፉ በኋላ ነው። 99 ዓመት ሙሉ ነበሩ እኮ! ማወቅ የምትፈልገው ሕይወታቸውን ከሆነ ሞታቸውን ለምን ትጠብቃለህ?

ቁጥር ወዳድ

እኔ አሁንም ግምት በራሱ ኃጢአት አይደለም እላለሁ። ዶክተርም ይገምታል፤ ኢንሹራንስም ይገምታል። ነገር ግን የሕግ ተማሪው ያነሳው ሲያብሰለስለኝ አደረ። ተማሪዎቼን ከዛሬ ወዲያ የታዋቂ ሰው ስም አላስጽፍም። ሰንጠረዡን ያለ ስምም ማስተማር ይቻላል። ሽልማቱም ይቅር። የውጭዎቹ ቡድኖች ግን ሞቱን በታማኝ ዘገባ ካላረጋገጡ አለመቁጠራቸው ለእኛ ዩቲዩቦች ትምህርት ቢሆን እወዳለሁ።

ሌላም አለ። ጨዋታው ለእኛ አገር ሰው እንዳይሆን የሚያደርገው ዕድሜ ነው። ከ100 ላይ ዕድሜ ለመቀነስ ዕድሜው መታወቅ አለበት። የብዙ አንጋፋ ሰዎቻችን የልደት ዘመን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ይለያያል። ሞታቸውን እንገምታለን እያልን ልደታቸውን አናውቅም።

ዘአንኮበር

እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ! የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 የተወለዱት እኛ አንኮበር ነው። የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ሲያርፉ ሁሉም ስለ ትልልቆቹ ሥራዎች ጻፈ። ልጅነታቸውን የሚያውቁ እኩዮቻቸው ግን አብዛኞቹ ቀድመው አልፈዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው። አበበ ቢቂላንም እዩ። ከመንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው የተወለደው። በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈውን ዓለም ያውቃል። በ41 ዓመቱ ጥቅምት 15 ቀን 1966 እንዳረፈም ተጽፏል። በባዶ እግሩ ሮም ላይ ከመሮጡ በፊት፣ እረኛ ሳለ ማን አብሮት ነበር? ያን የሚነግር ሰው ዛሬ ከየት ይመጣል?

ታናሽየው፣ አሥር ስም ጻፍ። ግን በየወረዳችን በሕይወት ያሉ አዝማሪዎች፣ መምህራን፣ ሯጮች፣ የቅኔ ሊቃውንት ይሁኑ። ሄዳችሁ ጠይቁ። ቅዱ። ፈቃዳቸውን ይዛችሁ።

ታናሽየው

እንዲህ ከሆነ ቡድኑን አሳምናለሁ። ስድስት ሰዎች ከእኔ ጋር ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የልደት ወረቀት የሌላቸውን አባቶች ዕድሜ እንዴት ነው የምንጽፈው? «ስንት ዓመትዎ ነው?» ስንል «እግዜር ያውቃል» ነው የሚሉን።

የእድር ጸሐፊ

እንደዚያ ተብሎ አይጠየቅም፣ ልጄ። «ጣሊያን ሲገባ እርስዎ ምን ያህል ነበሩ?» በል። እግር ተክዬ ነበር ካሉህ፣ ታዝዬ ነው የሸሸነው ካሉህ፣ ገና አልተወለድኩም ካሉህ፣ ከ1928 ተነስተህ ታሰላዋለህ። ከዚያ ወዲህ ለተወለደ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ አግብተው ነበር?» በል፤ ያ 1953 ነው። «ንጉሡ ሲወርዱ የበኩር ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር?» በል። «በ77ቱ ድርቅስ?» በል። አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱን አገናኝ። ክርስትና ያነሷቸው ካህን ወይም ታላቅ እህት ካለች ጠይቅ፤ ሴቶች አይረሱም። የተነሱበትን ቀን ባያውቁት እንኳ በየትኛው ቅዱስ ስም እንደሆነ ያውቁታል። ዓርብና ረቡዕ ጠዋት አትሂድ፤ ጾም ነው። ከሰዓት በኋላ ሂድና ቁጭ ብለህ አውጋቸው።